ቁንዶ በርበሬ በማንኪያ፦ ከፎገራ ማዕድ እስከ መድኃኒት ቤት

በፎገራዋ ወረታ ገበያ ላይ ሩዝ በኩንታል፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ በርበሬ በኪሎ ይሸጣል። ቁንዶ በርበሬ ግን የሚሰፈረው በማንኪያ ነው፤ ቢበዛ በቡና ስኒ። ቅመም ሻጯ ከላስቲኳ ጨለፍ አድርጋ በትንሽ ፌስታል ትቋጥራለች፤ ገዢዋ ዋጋውን ሰምታ "ኧረ ተይ!" ትላለች፤ ከዚያም ትገዛለች። በዓል ደርሷል፤ ያለ እሱ ደግሞ መከለሻ የለም።

አንድ ቤተሰብ በዓመት የሚፈጀው ቁንዶ በርበሬ ከቀዩ በርበሬ አጠገብ ቢቀመጥ ለዓይን አይሞላም። የሚወራለት ግን ሌላ ነው። ጉንፋን ያባርራል ይባላል፤ ምግብ ያንሸራሽራል፣ ስብ ያቀልጣል፣ ደም ያጠራል፣ ስኳር ያወርዳል፣ ካንሰር ሳይቀር ይከላከላል ይባላል። በስልክ ከሚዘዋወሩት የጤና ምክሮች መካከል "ቁንዶ በርበሬ በማር" የማይገባበት ማግኘት ከባድ ነው። በማንኪያ የሚሰፈር ነገር ይህን ሁሉ ሸክም ይችለዋል? ወጥ ቤቱ የሚያውቀውንና ቤተ ሙከራው ያረጋገጠውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይበጃል። ቀድሜ ልናገርና፣ እኔ ከሁለቱ ይበልጥ የማምነው ወጥ ቤቱን ነው። ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስሙን የተነጠቀ ቅመም

ዛሬ "በርበሬ" ብሎ ሰው ሲልክ ቀዩን ማለቱ ነው። ቀዩ በርበሬ ግን የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት አፍሪካም ሆነች እስያ አያውቁትም ነበር። ቁንዶ በርበሬ ግን በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በማላባር ዳርቻ በቅሎ ከጥንት ጀምሮ በባሕር ሲነግድ የኖረ ነው። የስሙም ታሪክ ከዚያው ይነሣል። በሳንስክሪት "ፒፓሊ" የሚባል ረዘም ያለ የሚያቃጥል ፍሬ ነበር፤ ግሪኮች ቃሉን "ፔፔሪ" አደረጉት፣ ሮማውያን "ፒፐር" አሉት፣ ኋላም አውሮፓውያን ከአሜሪካ የመጣውን ቀይ ፍሬ በዚያው ስም ጠሩት። የእኛ "በርበሬ"ም የዚህ ቤተሰብ ልጅ ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ስሙን ለእንግዳ አስረክቦ፣ ራሱ "ቁንዶ" የሚል ቅጽል ለጥፎ ቀርቷል ማለት ነው።

ቀዩ ከመምጣቱ በፊት ወጣችን በምን ያቃጥል ነበር? ሰናፍጭ ነበረ፣ ፌጦ ነበረ፣ ዝንጅብል ነበረ። ከከፋና ከሸካ ደን ጥምዝና ኮረሪማ ይመጡ ነበር። ጥምዝ የቁንዶ በርበሬ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም የአንድ ወገን ተክሎች ናቸው፤ ጥምዝ በሀገራችን የደን ጥላ ሥር በዱር ይበቅላል፣ ሲደርቅም የጢስ ሽታ ያለው ጥቁር ጣት መስሎ ይወጣል። ኮረሪማ ከሁለቱም ጋር ዝምድና የለውም፤ እሱ የዝንጅብል ወገን ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ኮረሪማው ከደቡብ ምዕራብ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም በባሶ ገበያ አልፎ እስከ ጎንደር ይዘልቅ ነበር። ቁንዶ በርበሬ ግን ያኔ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ነበር።

የሚመጣበት መንገድ ያረጀ ነው። በአንደኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ የአክሱም ወደብ የነበረችውን አዱሊስንም፣ ቁንዶ በርበሬ የሚጫንባቸውን የማላባር ወደቦችንም ይጠቅሳል። በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ በበረኒቄ የቆፈሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ የሕንድ እንስራ ውስጥ 7.5 ኪሎ ግራም ቁንዶ በርበሬ አግኝተዋል፤ የተቀበረውም በሮማውያን ዘመን ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን ደግሞ ኮስማስ የሚባለው ነጋዴ፣ በኋላ መነኩሴ የሆነው፣ አፄ ካሌብ በደቡብ ዓረቢያ ወዳለችው ሂምያር ለመዝመት ሲዘጋጁ አዱሊስ ላይ ነበር። ኮስማስ በመጽሐፉ የቁንዶ በርበሬን ተክል ገልጾታል፤ ግንዱ ቀጭንና ልፍስፍስ ስለሆነ ፍሬ በሌለው ረጅም ዛፍ ላይ እንደ ወይን ሐረግ ተጠምጥሞ እንደሚወጣ ጽፏል። ከ1,400 ዓመት በኋላ ተክሉ ዛሬ በሀገራችን ከሚበቅልባት ቴፒ ሄዶ ያየ ሰው ከዚህ የሚያርመው ነገር የለም።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም አለ። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አፄ ልብነ ድንግል ከመጡት መልእክተኞች ጋር የነበረ ነው። መልእክተኞቹ ለንጉሡ የሚመጥን ስጦታ ስላልነበራቸው ለስንቃቸው የያዙትን ቁንዶ በርበሬ እጅ መንሻ አድርገው እንዳቀረቡ ጽፏል። በዚያ ዘመን ለንጉሥ የሚቀርብ ነገር ነበር፤ ዛሬ ወረታ ላይ አንዲት እናት በማንኪያ ስትገዛው ዋጋው ቢያስደነግጣት አይገርምም።

ሩዝ የወደደው ውኃ

ፎገራ ላይ ለምን አይበቅልም? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ፎገራ እንግዳ ተክል ማላመድ አያቅተውም። ሩዝ ራሱ እንግዳ ነበር። በደርግ ዘመን፣ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ባገዙት ሙከራ፣ በጅግናና በሻጋ ማኅበራት ተጀምሮ ነው ሜዳውን የሞላው፤ "ኤክስ-ጅግና" የሚባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያው ቀበሌ ነው። ዛሬ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ናት፤ የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫው እዚያ ነው።

ቁንዶ በርበሬ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሞቃት ቆላ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ እርጥበት፣ የዛፍ ጥላና የሚንጠላጠልበት ግንድ ይፈልጋል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዝናቧም በክረምት ወራት ተከማችቶ ዘንቦ ያበቃል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የውኃው ነገር ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ላይ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ጥቁሩ አፈር ውኃውን ይዞ ይቀመጣል። ሩዝ ይህን ይወዳል። የቁንዶ በርበሬ ሥር ግን በተኛ ውኃ ውስጥ በቀላሉ ይበሰብሳል፤ በዓለም ዙሪያ የቁንዶ በርበሬ ገበሬ ዋና ጠላት የሆነው የሥር አበስብስ በሽታ የሚስፋፋው እንዲህ ባለ እርጥብ መሬት ነው። ሩዙን ያበለጸገው ውኃ ለቁንዶ በርበሬው ሞት ነው።

በሀገራችን የሚስማማው ቦታ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ቴፒና በበቃ። ቴፒ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በደን መካከል ያለች ሞቃት ከተማ ናት። የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከሉም እዚያ ነው፤ "ታቶ" እና "ጋቸብ" የተባሉት የቁንዶ በርበሬ ዝርያዎች ከዚያ ወጥተዋል። ሐረጉ ከተተከለ በኋላ ምርት እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል። ፍሬው እንደ ዘለላ ይንጠለጠላል፤ ከዘለላው አንድ ሁለቱ መቅላት ሲጀምሩ አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል። 100 ኪሎ እርጥብ ፍሬ ደርቆ የሚቀረው ሲሦው ገደማ ነው። የዋጋው ነገር ከዚህም ይጀምራል። "ነጭ ቁንዶ በርበሬ" የሚባለውም ሌላ ተክል አይደለም፤ የበሰለው ፍሬ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ልጣጩ ሲወለቅ ነጭ ይሆናል። የዓለም ገበያ ግን ካለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ወዲህ በቬትናም እጅ ነው፤ ሕንድ የትውልድ አገሩ ሆና ከኋላ ትከተላለች።

መከለሻ ለምን መጨረሻ ላይ ይገባል?

ወጥ ቤቱን ይበልጥ አምነዋለሁ ያልኩት እዚህ ጋ ነው።

የሰሜኑ ባለሙያ ሴት ቁንዶ በርበሬን እንደ ቀዩ በርበሬ ከሽንኩርት ጋር ለረጅም ሰዓት አታቁላላውም። ፍሬውን ከኮረሪማው፣ ከጥምዙ፣ ከቅርንፉዱና ከቀረፋው ጋር በለሰለሰ እሳት ታመስ አድርጋ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በወንፊት ነፍታ በብልቃጥ ታስቀምጣለች። ዶሮው ሊወርድ ሲል ቆንጠር አድርጋ ትነሰንስና ትከድነዋለች። "ለምን?" ብትባል "ሽታው እንዳይጠፋ" ትላለች። ኬሚስቱ ከዚህ የተለየ መልስ የለውም። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር አለ፦ አንዱ የሚያቃጥለው፣ ሌላው የሚሸተው። የሚያቃጥለው ፓይፐሪን ይባላል፤ ቢፈላም አይተንም። የሚሸቱት ቅባቶች ግን ቀላልና ብን የሚሉ ናቸው፤ ሙቀት ሲነካቸው ጥለው ይሄዳሉ። ወጥ ላይ ሁለት ሰዓት የተንተከተከ ቁንዶ በርበሬ ማቃጠሉን ይዞ ሽታውን የጣለ ነው። መከለሻ ሁለቱንም ለማዳን የተፈለሰፈ ዘዴ ነው፤ የፈለሰፈችውን ሴት ስም ግን የመዘገበ የለም።

የቁንዶ በርበሬ እውነተኛ ቤት ግን አልጫ ይመስለኛል። ዶሮ ወጥ ውስጥ ከብዙ ጮሌዎች መካከል አንዱ ነው፤ አልጫ ውስጥ ግን ብቻውን ይሰማል። ቀለሙ የእርድ፣ መሠረቱ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቅባቱ ቅቤ ወይም በጾም ዘይት። በርበሬ አይገባበትም። ታዲያ አልጫው እንደ ስሙ አልጫ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገው ማነው? ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ናቸው። ቀለም ሳይነኩ ሙቀት ይሰጣሉ። ቀይ ወጥ የተከለከለ ሽማግሌ፣ አራስ፣ ከሕመም የተነሣ ሰው፣ "ቅመም ቀንሱልኝ" የሚል እንግዳ፣ ሁሉም አልጫ ቀርቦለት የማይከፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ጣና ዳር ደግሞ ዓሣው አለ። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ከሐይቁ ወጥቶ ወረታና ባሕር ዳር ምግብ ቤቶች ሲገባ የጭቃ ጠረን ያስከትላል፤ አምባዛው በተለይ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና አዲስ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ ይህን ጠረን ያሸንፉታል። የዓሣ ዱለት የሚሠሩ ቤቶች ቁንዶ በርበሬውን ከሚጥሚጣው ጋር ያስገቡታል፤ ሚጥሚጣው ምላስ ላይ ሲጮህ ቁንዶ በርበሬው ቀስ ብሎ ከጉሮሮ በኩል ይመጣል። ሁለቱ የሚያቃጥሉበት ቦታ አንድ አለመሆኑን ለማወቅ ሳይንስ አያስፈልግም፤ አንድ ጉርሻ ይበቃል።

ሩዝ ላይ ግን ፎገራ ገና የቀረው ነገር አለ ባይ ነኝ። ሜዳው ሩዙን ለእንጀራ ከጤፍ ጋር ቀላቀለው፣ ጠላና አረቄ አደረገው፣ ገንፎና ቂጣ ጋገረበት፤ በዚህ ብልሃቱ ማንም አይወዳደረውም። ተቀቅሎ ለብቻው ሲቀርብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨውና ካሮት ብቻ ነው የሚያገኘው። ሕንዶች ሩዙን ከማስገባታቸው በፊት አራት አምስት ፍሬ ሳይወቀጥ ትኩስ ዘይት ውስጥ ይጥላሉ፤ ሽታው በቅባቱ ይሟሟል፣ ቅባቱም ለእያንዳንዱ የሩዝ ቅንጣት ያዳርሰዋል። ፎገራ የሩዙን ዘር ከሩቅ አምጥቶ የራሱ አድርጎታል፤ ሩዙን የሚያጣፍጥበትን ብልሃት ቢዋስ ምን ነውር አለው?

እግረ መንገዴን ስለ ጨው ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው ሲቀንስ ምግቡ ሙት ይሆንበታል። ቁንዶ በርበሬ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ያን ባዶነት ይሞላሉ። ይህ ጥቅም በየትኛውም የስልክ ምክር ላይ ተጽፎ አላየሁም። ከሁሉም የሚታመነውና የሚጨበጠው የጤና ጥቅሙ ግን ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ቤተ ሙከራው ምን አለ?

ፓይፐሪንን ከቁንዶ በርበሬ ለይቶ ያወጣው የዴንማርኩ ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1819። በዓመቱ በሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ ያወቀው ሰው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ቅመሙን ረስተው በኤሌክትሪኩ ብቻ ያስታውሱታል። ፓይፐሪን ምላስ ላይ የሚነካው፣ ቀይ በርበሬም የሚነካውን የሙቀትና የሕመም ተቀባይ ነው። ይህን ተቀባይ በማግኘቱ ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ቁንዶ በርበሬ ምላሳችንን አያቃጥለውም፤ እሳት የነካው ያስመስለዋል። ሰውነት ተታልሎ ያልባል፣ ያነባል፣ አፍንጫ ይፈስሳል። ጉንፋን የያዘው ሰው በዝንጅብልና በቁንዶ በርበሬ ሻይ "ቀለለኝ" የሚለውም ለዚህ ነው፤ የታፈነው አፍንጫ ይከፈታል፣ ደረቱ ይሞቃል። ቫይረሱ ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚሄደው። ምች ሲመታ ዳማ ከሴ እንደምናሸተው፣ ይህም ለሕመምተኛው እፎይታ ነው፤ እፎይታ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ማር ከተጨመረበት ሳል ያለዝባል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በፍጹም አይሰጥም።

በሰው ላይ የተሞከሩ፣ ሳቢ ግን ጠባብ የሆኑ ጥናቶች አሉ። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በአረጋውያን መጦሪያ ያሉ መዋጥ የሚቸግራቸው ሰዎች የቁንዶ በርበሬ ዘይት ሲሸታቸው የመዋጥ ስሜታቸው እንደሚፈጥን አሳይቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የቁንዶ በርበሬ ተን የሳቡ አጫሾች የሲጋራ አምሮታቸው እንደቀነሰላቸው ዘግቧል። ሁለቱም የሠሩት በማሽተት ነው፣ በመብላት አይደለም። ስለ ምግብ መንሸራሸር የሚነገረው አብዛኛው የመጣው በሕንድ ማይሶር በአይጦች ላይ ከተደረጉ ሥራዎች ነው። ስብ ማቅለጡ፣ ካንሰር መከላከሉ፣ ስኳር ማውረዱ ከብልቃጥና ከአይጥ ብዙ አልራቀም፤ ለሰው ልጅ የተረጋገጠ ነገር አድርጎ መናገር ከወዲሁ መሮጥ ነው።

በጣም የተወራለት ግን የእርዱ ነገር ነው። የእርድ ዋና ንጥረ ነገር ኩርኩሚን ሲበላ ሰውነት እምብዛም አያስገባውም፤ ጉበትና አንጀት ተረባርበው ያስወጡታል። እ.ኤ.አ. በ1998 በሕንድ የተደረገ ጥናት ለጤናማ ሰዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፓይፐሪን ጋር ሰጥቶ ወደ ደም የሚገባው መጠን በ2,000 ከመቶ መጨመሩን ዘገበ። ቁጥሩ ዓለምን ዞረ። የእኛም ሰው "አልጫችን ይህን ከጥንት ያውቅ ነበር" ቢል አይፈረድበትም፤ እርድ፣ ቅቤና ቁንዶ በርበሬ በአንድ ድስት አሉና።

ሂሳቡን ግን እንሥራው። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ፓይፐሪን ከመቶ አምስት እጅ ገደማና ከዚያ በላይ ነው፤ 20 ሚሊግራሙን ለማግኘት ከግማሽ ግራም ያነሰ ቁንዶ በርበሬ ይበቃል። እዚህ ድረስ አልጫው ተሳካለት። ኩርኩሚን ግን በእርድ ውስጥ ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ቢሆን ነው። 2 ግራም ኩርኩሚን ከተፈለገ ከ60 ግራም በላይ እርድ፣ ማለትም ከ20 የሻይ ማንኪያ በላይ፣ ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ መብላት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ አልጫ እንኳን ሊጎረስ ሊታይም አይችል። 2,000 ከመቶ የሚለውም የሚያስደንቀው መነሻው ምንም አጠገብ ስለነበረ ነው። አልጫው መልካም ምግብ ነው፤ ክኒን አይደለም።

ማንኪያው ሲበዛ

ወጥ ቤቱን አምናለሁ ማለቴ ለዚህም ጭምር ነው፦ ወጥ ቤት ቁንዶ በርበሬን በቁንጥር ይለካል፣ የስልክ ምክር ግን በማንኪያ ያዝዛል።

ፓይፐሪን ኩርኩሚንን የሚረዳው ጉበትና አንጀት ባዕድ ነገሮችን የሚያስወግዱበትን መንገድ በማዘግየት ነው። እነዚያው መንገዶች ደግሞ ብዙ መድኃኒቶችን ያስወግዳሉ። በቀን 20 ሚሊግራም ፓይፐሪን በወሰዱ ሰዎች ላይ የተደረጉ የቆዩ የሕንድ ጥናቶች ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል፣ ለአስም የሚሰጠው ቴኦፊሊን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ደም ውስጥ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ፌኒቶይንና ቴኦፊሊን ደግሞ በልክና በመርዝ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ከሆነባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ሕንዶች ይህንኑ ጠባይ በጥበብ ተጠቅመው፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠውን ሪፋምፒሲን ከ450 ወደ 200 ሚሊግራም ዝቅ አድርገው 10 ሚሊግራም ፓይፐሪን የጨመሩበት ክኒን አውጥተዋል። ያ ግን በፋብሪካ የተመዘነ፣ በሐኪም የሚታዘዝ ነው።

አሁን የማሩን ማንኪያ እንመዝነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ከ2 ግራም በላይ ነው፤ ከ100 ሚሊግራም በላይ ፓይፐሪን አለው ማለት ነው። ጥናቶቹ ከተጠቀሙበት ከአምስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በአልጫ ውስጥ ያለው ቁንጥር ማንንም አያሰጋም። ጠዋትና ማታ ማንኪያ ሙሉ በማር የሚውጥ፣ ከዚያም የሚጥል በሽታ ወይም የአስም መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ግን ሳያውቀው የመድኃኒቱን መጠን እየቀየረ ነው።

ጨጓራም የራሱ ቃል አለው። እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመ አንድ ጥናት ጤናማ ሰዎች 1.5 ግራም ቁንዶ በርበሬ ሲሰጣቸው የጨጓራ አሲዳቸው ጨምሯል፣ የጨጓራው ሽፋን ሕዋሳትም ይበልጥ ተላልጠዋል። "ጨጓራ ያነቃቃል" የሚለው አባባል እውነት ነው፤ የቆሰለ ጨጓራን ማንቃት ግን ለማን ይጠቅማል? የጨጓራ ቁስለት ዋና መነሻ ባክቴሪያ ነው፤ ምርመራና የታዘዘ መድኃኒት ይፈልጋል፤ በቅመም አይድንም።

ከሻጯ ፊት

ውድ ነገር አስመሳይ አያጣም። በሕንድ የደረቀ የፓፓያ ዘር ከቁንዶ በርበሬ ጋር መቀላቀል የታወቀ ማጭበርበር ነው፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም የተጨማደዱ ናቸው። መለያው ቀላል ነው። ፍሬውን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲጥሉት በደንብ የደረሰ ቁንዶ በርበሬ ይሰምጣል፣ የፓፓያ ዘር ይንሳፈፋል። የተፈጨውን ግን እንዲህ መፈተን አይቻልም፤ ምን እንደገባበት የሚያውቀው የፈጨው ብቻ ነው። የተፈጨው ሽታውንም ቶሎ ይጥላል። ፀሐይ የሚያገኘው የመስታወት ብልቃጥ ሌላ ጉዳት አለው፤ ብርሃን ፓይፐሪኑን እምብዛም ወደማያቃጥል ቅርጽ ይለውጠዋል። ሱቅ መስኮት ላይ ተደርድሮ ለዓይን የሚያምረው ለምላስ የደከመ ነው።

ንጽሕናውም አለ። ቅመም መሬት ላይ ሲሰጣ አፈር፣ የወፍ ኩስና ተሐዋስያን ያገኙታል። እ.ኤ.አ. በ2009 እና 2010 አሜሪካ ውስጥ 272 ሰዎችን በ44 ግዛቶች ያሳመመ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ መነሻው ሳላሚ ላይ የተነሰነሰ ቁንዶና ቀይ በርበሬ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቅመሙ ሥጋው ከተዘጋጀ በኋላ፣ ሙቀት ሳያገኝ ነበር የተነሰነሰበት። የእኛም መከለሻ መጨረሻ ላይ የሚገባ ነው። እናቶቻችን ፍሬውን ቀድመው ማመሳቸው እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም ይሰጣል፤ ደርቆ በደንብ የታመሰ፣ ከገባም በኋላ ተከድኖ ጥቂት የተንተከተከ መከለሻ አደጋው ያነሰ ነው። እሳት ያልነካው የገበያ ዱቄት ሰላጣና የቀዘቀዘ ምግብ ላይ መነስነስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ወረታ ገበያ የሚወጣ ሰው ዱቄቱን ትቶ ፍሬውን ይግዛ፤ በጨለማ ቦታ፣ በተከደነ ዕቃ ያስቀምጠው፤ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ አምሶ ይውቀጥ። የሚጥል በሽታ፣ የአስም፣ የልብ ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ቤተሰብ ካለ ደግሞ፣ "ጠዋት ጠዋት ቁንዶ በርበሬ በማር እወስዳለሁ" የሚለውን ነገር ለመድኃኒት ባለሙያው ይንገረው። ሳይጠየቅ ይንገረው፤ ቅመምን መድኃኒት ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ጥቂት ነው።